ከገጽ አራት ግርጌ

ሥራዬ ማንበብ ነው።
ከጤና ቢሮው ጓሮ፣ ከጠባቧ ክፍል፣ ፋኑ ከሚያቃስትበት፣
ሬድዮ በሦስት ቋንቋ ከሚያወራበት፣
ጋዜጣ በመቀስ እቆርጣለሁ፤
ካርታ ላይ ስፒል እወጋለሁ።
የድሬ ልጅ አይምረኝም፦ "አቦ፣ ይሄ ሰውዬ ታድሏል፣
ወሬ እያነበበ ደመወዝ ይበላል!"

ይበሉ። እኔ ግን ዋናውን ዜና አላሳድድም፤
ትልቅ ርዕስ ላይ ትንኝ አታርፍም።
የእሷ ማረፊያ ከገጽ አራት ግርጌ፣
ከጨረታው ሥር፣ ከጠፋው ሊብሬ።

ማክሰኞ፦ "የቀፊራ ቡድን ሰባት ልጅ ጎድሎበት፣
ግጥሚያው ተላልፏል ወደ ሌላ ዕለት። ኢ.መ."
ለስፖርት አምዱ ተራ ወሬ ነው፤
ለእኔ ሰባት አልጋ ነው።

ሐሙስ፦ "ሳቢያን ፌርማታ ላይ ባጃጅ አይታይም።"
ሹፌሩ የት ሄደ? ማንም አልጠየቀም።
ጉልበቱ የተቆለፈ ሰው ፍሬን አይረግጥም።

ዓርብ፣ ሰው ሁሉ ሲቀመጥ ለበርጫ፣
በሶማልኛው ጣቢያ፣ በዘፈን ምርጫ፦
"ከሮብሌ፣ ለእህቱ ለፈርዱሳ፣
ለአራቱ ጎረቤቶቿም፣ ሁሉም ከአልጋው እንዲነሳ።"
ዘፈኑ ሳያልቅ አምስት ስፒል ወጋሁ።

ቅዳሜ፦ "በታይዋን ገበያ የፓፓያ ቅጠል ታጣ።"
ፍሬው ተከምሮ ቅጠሉን ማን ጠጣ?
እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ደቻቱን ይዞ፣ ካርታዬ ሽፍታ አወጣ።

ደቻቱ እኮ ደረቅ ነው፤ አሸዋ ነው፤ ግመል ይሻገረዋል።
የዚህች ትንኝ ወንዟ በርሜል ነው።
ቧንቧው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ሲያስነጥስ
የተጠራቀመው ውሃ፣ ክዳን አልባ፣ ጥላ ሥር፣ ረጋ ብሎ፣
በጠራራ ቀን የምትናከስ ልጅ ያሳድጋል።
ውሃ የጠማው ሰፈር በውሃ ታመመ።

አለቃዬ ወይዘሮ እልፍነሽ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፦
"ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት ነው የተባለው፤
አንተ ስፒል ትጨምርበታለህ!
ላቦራቶሪ የፈረመበትን አምጣ።"
እውነቷን ነው። ወሬ ደም አይደለም።
ግን ደሙ አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ
ወሬው ሰፈሩን ሁለቴ ይዞራል።
ቢሆንም ደስ እንዲላት አንድ ነገር አሳየኋት፦
"ገንደ ሮቃ ነጭ ነው። አንድ ስፒል የለበትም።"
"ተመስገን" አለች።
እኔም አልኩ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ተመስገን አልኩ።
በአራተኛው፣ የቆረጥኩትን ሳገላብጥ፣
አንድ ነገር ጎደለኝ፤ ዜና አይደለም፣ ሁለት ፊደል፦
ኢ.መ.
ስለ ገንደ ሮቃ፣
ስለ ጠፋው ፍየል፣ ስለ ዳቦ ቤቱ፣ በጎርፍ ስለተሰበረው ድልድይ
ከእሷ ሌላ የሚጽፍ የለም።
ከኳሱ ወሬ ወዲህ አንድ መስመር አልላከችም።

በእግሬ ሄድኩ። ባጃጅ የለማ።

ኢፍቱ ምንጣፍ ላይ ተጋድማለች፤
ጣቶቿ እንደ ዝንጅብል አብጠዋል።
ደብተሯ ከትራሷ ሥር፦ አርባ ሁለት ስም፣ ቤት በቤት፣
መጀመሪያ ቀጥ ባለ ጽሕፈት፣
ቀጥሎ የተንጋደደ፣
ከዚያ ጭረት ብቻ።
"እስክሪብቶ መጨበጥ አቃተኝ" አለች፣
ጥፋት እንዳጠፋ ሰው።

ለካ ያ ነጭ ቦታ እሷ ነበረች።

ከደጅ ያለውን በርሜሏን በቆርቆሮ ከደንኩት፣
ድንጋይ ጫንኩበት፤
ደብተሩን በብብቴ ይዤ ልወጣ ስል
ከጨለማው ውስጥ ጠራችኝ፦

"ስማ... የቀፊራው ግጥሚያስ?
ተጫወቱ እንዴ?"